እውነትን መርጦ መናገር

ሰው እውነትን ከሐሰት ለይቶ ለማወቅ ብዙ አይቸገርም፤ የሚቸገረው እውነቱን ሁሉ በመናገርና ከእውነቱ ውስጥ የሚበጀውን ብቻ መርጦ በመናገር መካከል ያለው ድንበር የት ላይ እንደ ሆነ ለማወቅ ነው። ሐሰት የተናገረ ሰው ምንም እንኳ ለጊዜው ከሰው ፍርድ ቢያመልጥ፤ ሐሰት መናገሩን ልቡ ያውቀዋል። የእውነቱን ግማሽ የተናገረ ሰው ግን ከአፉ የወጣው ቃል ሁሉ እውነት ስለ ሆነ ራሱን ሳይታዘብ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል።

ስለዚህ ነገር በደፈናው ከመከራከር አንድ የታወቀ ጉዳይ ይዞ መመርመር ይሻላልና፤ በዚህ ጽሑፋችን በአሜሪካ አገር ወደ ታላላቅ ኮሌጆች ለመግባት የሚያመለክቱ ወጣቶች በየዓመቱ የሚገጥማቸውን አንድ ጥያቄ እናነሣለን። ጥያቄውም «ከተፈተንኋቸው ፈተናዎች የትኛውን ነጥብ ልግለጥ? የትኛውንስ ልተው?» የሚል ነው። ነገሩ የሩቅ አገር ቢመስልም ከእኛም የራቀ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ተቀምጠው ይህንኑ ፈተና የሚፈተኑ ተማሪዎች አሉ፤ በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂንያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ልጆቻቸው ለኮሌጅ በደረሱ ቁጥር ይህ ጥያቄ በየቤታቸው ሳይነሣ አይቀርም። በጽሑፋችን የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እንለምናለን።

አስቀድመን ሥርዐቱን እንግለጥ። በአሜሪካ አገር እንደ እኛ አገር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በመንግሥት ተዘጋጅቶ በአንድ ጊዜ ለሁሉ የሚሰጥ የመግቢያ ፈተና የለም። ተማሪው ለወደዳቸው ኮሌጆች ራሱ ያመለክታል፤ ኮሌጆቹም የትምህርት ቤት ውጤቱን፣ የመምህራኑን የምስክርነት ደብዳቤ፣ የጻፈውን ድርሰትና የፈተና ነጥቡን ተመልክተው ይመርጣሉ። ከፈተናዎቹ አንደኛው ኤስኤቲ የሚባለው ሲሆን ኮሌጅ ቦርድ በተባለው ማኅበር አማካይነት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ1926 ነው። ሁለተኛው ኤሲቲ የሚባለው በ1959 በአይዋ ክፍለ አገር ተጀመረ። የኤስኤቲ ነጥብ ከ400 እስከ 1600፤ የኤሲቲ ነጥብ ከ1 እስከ 36 ይደርሳል። ተማሪው ከሁለቱ የወደደውን፤ ቢፈልግም ሁለቱንም፤ ጊዜውና ገንዘቡ እስከ ፈቀዱለት ድረስ ደጋግሞ ሊፈተን ይችላል።

የምርጫው ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። ከ2009 በፊት አንድ ተማሪ የኤስኤቲ ውጤቱ ለኮሌጅ እንዲላክለት ሲጠይቅ የተፈተነባቸው ቀኖች ነጥብ ሁሉ አብሮ ይሄድ ነበር። በ2009 ግን ኮሌጅ ቦርድ ተማሪው የየትኛው ቀን ነጥብ እንደሚላክለት ራሱ እንዲመርጥ ፈቀደ። ከዚህም በላይ ብዙ ኮሌጆች ከየቀኑ ፈተና ከፍተኛውን ክፍል እየለቀሙ ይደምራሉ። ለምሳሌ አንድ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን በንባብ 700 በሒሳብ 610፤ በሁለተኛው ቀን በንባብ 640 በሒሳብ 720 ቢያገኝ የመጀመሪያው ቀን ድምር 1310፤ የሁለተኛው 1360 ይሆናል። ኮሌጁ ግን 700ንና 720ን ወስዶ 1420 ብሎ ይመዘግብለታል። እንግዲህ ይህ ተማሪ በአንድም ቀን ያላገኘው ነጥብ ባለቤት ሆነ ማለት ነው።

ሌላም ምርጫ አለ፤ ይኸውም ነጥብን ከነጭራሹ አለማሳየት ነው። ቦውደን የሚባለው ኮሌጅ በ1969 ነጥብ ማቅረብን በአመልካቹ ፈቃድ ላይ አደረገው። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ የፈተና ጣቢያዎች ስለ ተዘጉ ከታላላቆቹ ኮሌጆች አብዛኞቹ ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። ከዚያ በኋላ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ2022፤ ዳርትመዝ፣ ብራውንና ሃርቫርድ በ2024 ነጥብ ማቅረብ እንደገና ግዴታ እንዲሆን ወሰኑ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበኩሉ ለቅበላ ነጥብ ቢቀርብለትም አይመለከትም። ብዙዎች ሌሎች ደግሞ ምርጫውን ለአመልካቹ እንደ ተዉት ናቸው። ስለዚህ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ የትኛውን ፈተና፣ የትኛውን ቀን፣ ብሎም ነጥብ ማሳየትን ወይስ አለማሳየትን እንደሚመርጥ በየኮሌጁ ደንብ እያገላበጠ ይወስናል።

በዚህ ጊዜ ሁለት ዐይነት መካሪዎች በልጁ ግራና ቀኝ ይቆማሉ። አንደኛው በጥብቅ ሥርዐት ያደገ አባት ነው። «ልጄ፤ የተፈተንኸውን ሁሉ ተናገር፤ ሦስት ጊዜ ተፈትነህ አንዱን ብቻ ማሳየት ሁለቱን መደበቅ ነው» ይለዋል። ይህ አባት ያደገው አንድ ፈተና፣ አንድ ውጤት በሚባልበት አገር ነው፤ ውጤቱንም ለዩኒቨርሲቲ የሚያስተላልፈው መንግሥት እንጂ ተፈታኙ አልነበረምና፤ የተፈታኝ ምርጫ የሚባል ነገር አያውቅም። ሁለተኛው መካሪ ደንቡን ጠንቅቆ ያወቀ ጓደኛ ነው። «የተፈቀደውን ማድረግ ምን ነውር አለበት? ደንቡን ያወጡት እነርሱ ናቸው፤ አንተ ተጠቀምበት» ይለዋል። አባቱ ከኅሊና፤ ጓደኛው ከደንብ ይነሣሉ። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ፤ ነገር ግን ደንቡን ያላወቀ ኅሊና የማይገባ ሸክም ይጭናል፤ ኅሊናን የተወ ደንብም የተንኰል መሸሸጊያ ይሆናል።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። የሮማው ሊቅ ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ሰው ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ በሦስተኛው ክፍል የአንድ እህል ነጋዴን ነገር ያነሣል። ነጋዴው በሮድስ ደሴት ረኃብና የእህል ውድነት በሆነበት ጊዜ ከእስክንድርያ ብዙ እህል ጭኖ ይደርሳል። በመንገድ ሳለም እህል የጫኑ ሌሎች መርከቦች ወደዚያው ሲጓዙ አይቷል። ታዲያ ይህን ለሕዝቡ ይንገር? ወይስ ዝም ብሎ እህሉን በውድ ዋጋ ይሽጥ? ሲሴሮ እንደሚያወሳው በዚህ ላይ ሁለት ፈላስፎች ተከራከሩ። የባቢሎኑ ዲዮጋን ሻጭ ሕግ ግለጥ ያለውን ጕድለት ከገለጠና ተንኰል ካልሠራ የቀረውን ሁሉ የመናገር ግዴታ የለበትም አለ። ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ ግን ሰው ለሰው ጥቅም የተፈጠረ ስለ ሆነ ገዢው ሊያውቀው የሚገባውን ሁሉ መንገር ይገባል አለ። ሲሴሮም ፍርዱን ለአንቲጳጥሮስ ሰጠ። ምክንያቱንም ሲገልጥ፤ ዝም ያለ ሰው ሁሉ ደበቀ አይባልም፤ ደበቀ የሚባለው ማወቅ የሚጠቅመው ሰው እንዳያውቅ ለራሱ ትርፍ ሲል የፈለገ ነው የሚል አሳብ አቀረበ።

ይህ ፍርድ ለጉዳያችን ጥሩ መለኪያ ይሆነናል። የሮድስ ሰዎች የሚመጡት መርከቦች መኖራቸውን ማወቅ ይፈልጉ ነበር፤ አላወቁምም፤ ነጋዴውም ትርፉን ያገኘው ባለማወቃቸው ነው። ኮሌጁስ? «የሚሻልህን ቀን መርጠህ ላክ» ብሎ በደንቡ የጻፈ ኮሌጅ ያልተላከ ነጥብ ሊኖር እንደሚችል፤ ያም ከተላከው የሚያንስ ሊሆን እንደሚችል ጠንቅቆ ያውቃል። ከፈለገ ሁሉንም ለመጠየቅ ሥልጣን አለው። ባለመጠየቁም አላወቀም ሊባል አይችልም፤ ማወቅን ራሱ ትቶታል። ባለቤቱ ከደጁ ያነሣውን መዝጊያ ሌላ ሰው ሰበረው አይባልም። ስለዚህ በተፈቀደ ምርጫ መምረጥ ሐሰትም፣ መደበቅም አይደለም፤ ጥብቁ አባት በዚህ ላይ ልጁን ያለ በደሉ ከስሶታል።

ነገሩን በችሎት አምሳያ ብንመለከተው ይበልጥ ይብራራል። በችሎት ፊት ምስክርና ባለጉዳይ ይቆማሉ። ምስክሩ ምሎ ስለሚናገር ያየውን ሁሉ፤ የሚጐዳውንም የሚጠቅመውንም፤ ሳይከፍል ሊናገር ግዴታ አለበት። ባለጉዳዩ ግን የራሱን አቤቱታ ያቀርባል፤ የሚረዳውን ማስረጃ መርጦ ቢያቀርብ ዳኛው አይቈጣውም፤ ባለጉዳይ መሆኑን ያውቃልና። አመልካች ማለት ቃሉ ራሱ እንደሚነግረን ባለጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ ዳኛው ባለጉዳዩን «ይህን ሰነድ ሁሉ አቅርብ» ብሎ ያዘዘው እንደ ሆነ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንዷን ወረቀት ያስቀረ ሰው ችሎቱን ያታለለ ነው። አንዳንድ ኮሌጆች ይህን ያዝዛሉ። ለብዙ ዓመታት በዚህ የታወቀው በዋሽንግተን የሚገኘው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ አመልካቹ የተፈተነበትን ቀን ነጥብ ሁሉ እንዲልክ ይጠይቃል። እንዲህ ባለው ኮሌጅ ፊት ያንኑ ምርጫ ማድረግ፤ በሌላው ዘንድ ንጹሕ የነበረው ሥራ ወደ ሐሰት ይለወጣል። በማመልከቻው መጨረሻ ያቀረብሁት ሁሉ እውነተኛና ሙሉ ነው ብሎ መፈረም አለና፤ ፊርማው ዝምታውን ወደ ንግግር ይለውጠዋል።

ጓደኛው የሳተው በዚህ ላይ ነው። «የተፈቀደ ነው» የሚለው ቃል ማን፣ ለማን፣ በምን ላይ እንደ ፈቀደ ካልተጠየቀ ባዶ ቃል ነው። ኮሌጅ ቦርድ የፈቀደውን ኮሌጁ ሊከለክል ይችላል። ኮሌጁ ሁሉን መጠየቁን ኮሌጅ ቦርድ በነገሩ ገብቶ ስለማይቈጣጠር ማንም አያውቅብኝም ብሎ የሚመርጥ ተማሪ ደንቡን ተጠቀመ አይባልም፤ የተጠቀመው በጠባቂ አለመኖር ነው። ሊቁ አውግስጢኖስ ሐሰትን በመቃወም በጻፈው ድርሳን እውነትን መሰወርና ሐሰትን መናገር ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን አስተምሯል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንትም በ1797 ባወጣው የታወቀ ጽሑፉ በምንም ምክንያት ሐሰት መናገር አይፈቀድም እያለ አጥብቆ ሲከራከር፤ ሰው በልቡ ያለውን ሁሉ የመናገር ግዴታ አለበት ግን አላለም። ሁለቱም ሊቃውንት ለዝምታ ስፍራ ሰጥተዋል። ነገር ግን ዝምታ ስፍራውን የሚያጣው ጥያቄ ሲመጣ ነው። ጠያቂ «ስንት ጊዜ ተፈተንህ?» ባለ ጊዜ «አንድ» ብሎ መመለስ፤ ወይም በድርሰት ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተፈትኖ ያን ነጥብ ያገኘ መስሎ መጻፍ፤ ከምርጫ አልፎ ሐሰት ይሆናል።

እስካሁን የተናገርነው አመልካቹና ኮሌጁ ስለሚተያዩበት ነው። ነገር ግን በመካከላቸው ሦስተኛ ሰው አለ፤ እርሱም ሌላው አመልካች ነው። የፈተና ነጥብ እንደ ሚዛን ብረት አይጸናም፤ ያው ተማሪ ዕውቀቱ ሳይለወጥ በሌላ ቀን ቢፈተን በየክፍሉ በብዙ ዐሥር ነጥቦች ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ አምስት ጊዜ ተፈትኖ ከፍተኛውን የሚመርጥ ሰው ከዕውቀቱ ጋራ ዕድሉንም ይመርጣል፤ አንድ ጊዜ የተፈተነው ግን ዕድሉ የሰጠችውን ይቀበላል። አምስት ጊዜ የሚፈተነውም ማን እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ኤስኤቲን ለመፈተን በ2024 መጨረሻ የነበረው ዋጋ 68 ዶላር ሲሆን፤ ከአሜሪካ ውጭ የሚፈተን ተማሪ በዚህ ላይ ተጨማሪ ይከፍላል። በአሜሪካ ላሉ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪዎች ሁለት ጊዜ ያለ ክፍያ እንዲፈተኑ ይፈቀዳል፤ ሦስተኛውና አራተኛው ግን በገንዘብ ነው። በግል አስጠኚ መምህር ላይ የሚወጣው ወጪ ደግሞ ከፈተናው ዋጋ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። አዲስ አበባ ላይ የሚፈተነው ልጅ የሚከፍለውን ዶላር ወደ ብር መንዝሮ የወላጁን ደመወዝ ያሰበ ሰው፤ «ደጋግሞ ይፈተን» የሚለው ምክር ለማን እንደ ተነገረ ይገባዋል።

ታዲያ በዚህ በደለኛው ማን ነው? የመረጠው ተማሪ ነውን? አይመስለንም። ወላጆቹ ለከፈሉለትና ደንቡ ለፈቀደለት ነገር የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አይከሰስም። እኩል ያልሆኑ ሰዎች እኩል ይጠቀሙበታል ብሎ ደንቡን ያወጣው ግን ይጠየቃል። በየመሥሪያ ቤቱ ደንብ የምናወጣ፣ ማመልከቻ የምንቀበል ሰዎች ከዚህ አንድ ነገር ልንማር እንችላለን። «ለሁሉም ፈቅደናል» ማለት ለሁሉም እኩል ሰጥተናል ማለት አይደለም። ምርጫ ለመምረጥ የሚያስችል ገንዘብ፣ ጊዜና መካሪ ላለው ሰው ነፃነት ነው፤ ለሌለው ግን ሳያውቀው የሚወድቅበት ሌላ ፈተና ይሆናል።

ይህም በተጨባጭ የታየ ነው። የዳርትመዝ ኮሌጅ በ2024 ነጥብን እንደገና ግዴታ ያደረገው የራሱ መምህራን ያቀረቡትን ጥናት ተመልክቶ ነው። በጥናቱ እንደ ተገለጠው፤ ነጥብ ማቅረብ በፈቃድ በነበረበት ዘመን አንዳንድ ከድሀ ቤተ ሰብ የመጡ አመልካቾች ቢያሳዩት ይረዳቸው የነበረውን ጥሩ ነጥብ ሳያሳዩ ቀርተዋል። ኮሌጁ ነጥብን የሚመለከተው ተማሪው ከተማረበት ትምህርት ቤት ሁኔታ ጋራ እያነጻጸረ ስለ ሆነ፤ ብዙ ዕርዳታ በሌለበት ትምህርት ቤት የተገኘ ነጥብ በሀብታም ትምህርት ቤት ከተገኘው ቢያንስም ትልቅ ምስክር ሊሆን ይችል ነበር። ልጆቹ ግን ይህን የሚነግራቸው አላገኙም።

ለምን እንዲህ ሆነ? ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። ኮሌጆች የተቀበሏቸውን ተማሪዎች ነጥብ በየዓመቱ ያስታውቃሉ። ነጥብ ማሳየት በፈቃድ ሲሆን ግን የሚታወቀው ያሳዩት ሰዎች ነጥብ ብቻ ነው፤ ያሳዩትም ከፍ ያለ ነጥብ ያላቸው ናቸው። ስለዚህ የሚነገረው ቍጥር ከእውነተኛው በላይ ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት የሚያመለክተው ልጅ ያን ቍጥር አይቶ «የእኔ ከዚህ ያንሳል» ብሎ ነጥቡን ይደብቃል፤ እርሱ በመደበቁም ቍጥሩ እንደገና ከፍ ይላል። በዚህ ዐይነት የአንዱ ዝምታ ለሌላው ሐሰተኛ መለኪያ እየሆነ፤ ማንም ሐሰት ሳይናገር የሁሉም ዕውቀት ይዛባል። በመግቢያችን ከእውነት መርጦ መናገር ከሐሰት ይልቅ ለማወቅ ያስቸግራል ያልነው ስለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ቍጥር እውነት ሆኖ ሳለ ድምሩ ሊያስት ይችላልና።

አሜሪካውያኑ የኢኮኖሚ ሊቃውንት ፖል ሚልግሮምና ሳንፎርድ ግሮስማን በ1981 በየበኩላቸው ባወጡት ጽሑፍ የሚከተለውን አስረድተዋል። የመናገርና የዝምታ ምርጫ ያለው ሰው ዝም ሲል አስተዋይ አድማጭ ክፉ ነገር ቢኖር ነው ብሎ ይገምታል። ይህንም በማወቅ ከሁሉ የሚሻለው በመጀመሪያ ይናገራል፤ ከእርሱ የሚያንሰው ከዝምተኞቹ ጋራ እንዳይቈጠር ይናገራል፤ ሦስተኛውም እንዲሁ፤ በመጨረሻ ዝም የሚለው ከሁሉ ያነሰው ብቻ ይሆናል። አሳቡ ትክክል የሚሆነው ግን ተናጋሪው ሁሉ አድማጩ እንዴት እንደሚያስብ ሲያውቅ ነው። ይህን የሚያውቅ መካሪ ያለው ልጅ ዝም የሚለው አስልቶ ነው፤ መካሪ የሌለው ልጅ ዝም የሚለው ፈርቶ ነው። በወረቀት ላይ ግን ሁለቱም ዝምታዎች አንድ ዐይነት ባዶ ስፍራ ናቸው፤ አንባቢው ለይቶ ሊያያቸው አይችልም።

በዚህ ላይ ለእኛ ልዩ ትርጕም ያለው ነገር አለ። በአገራችን ልማድ ራስን ማመስገን ነውር ነው። ልጅ ከፍ ያለ ውጤት ቢያገኝ እንኳ ሌላ ሰው ይናገርለት እንጂ ራሱ አይናገርም፤ ይህም ያማረ አስተዳደግ ነው። ነገር ግን የኮሌጅ ማመልከቻ የሚጽፍ ልጅ ሌላ የሚናገርለት ሰው ላይኖረው ይችላል። «ዝም አይነቅዝም» የሚል ምሳሌ እንዳለን ሁሉ፤ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚልም አለን። አባቶቻችን ሁለቱን ምሳሌዎች ያቈዩልን እርስ በርሳቸው እንዲጣሉ አይደለም፤ እያንዳንዱ ጊዜ እንዳለው ሊያስተምሩን ነው። ትሕትና ማለት ልክን ማወቅ ነው እንጂ ከልክ በታች ራስን መግለጥ አይደለም። አንድ ልጅ ያለ አስጠኚ፣ በጠበበ ቤት፣ መብራት እየጠፋበት አጥንቶ ያገኘውን ነጥብ ከሌሎች ቍጥር ያንሳል ብሎ ሲሸሽግ እኛ ትሕትና ብንለው ተሳስተናል። ልጁ ራሱን የለካው በሌላ ሰው ልብስ ነው። ይህም በራስ ላይ የሚሠራ የሐሰት ምስክርነት ሊባል ይችላል።

እንግዲህ ከተናገርነው ሁሉ የሚወጣውን ምክር ባጭሩ እናስቀምጥ። ተማሪው ከሁሉ አስቀድሞ የየኮሌጁን ደንብ ራሱ ያንብብ፤ ከጓደኛ የሰማውን አይመን። ሁሉን የሚጠይቅ ኮሌጅ ቢያጋጥመው ሁሉን ይስጥ፤ ይህ ከከበደው ለዚያ ኮሌጅ አያመልክት። ምርጫ በተፈቀደበት ያለ ኅሊና ወቀሳ ይምረጥ፤ ነገር ግን «ያስቀረኸው አለን?» ተብሎ ፊት ለፊት ቢጠየቅ ሳያፍር «አዎን፤ ደንባችሁ ስለ ፈቀደ አስቀርቻለሁ» ብሎ ሊመልስ የሚችለውን ብቻ ያስቀር። ይህን መልስ ለመስጠት የሚያፍርበት ነገር ካለ፤ ምርጫው ከተፈቀደው ድንበር ማለፉን ይወቅ። ደግሞም ለኮሌጁ የማይነግረውን ለራሱ አይደብቅ። ከልዩ ልዩ ቀኖች ተለቅሞ የተደመረውን 1420 ለኮሌጁ ቢያቀርብም፤ 1310ንና 1360ን ያገኘው እርሱ ራሱ መሆኑን ማስታወስ ይገባዋል፤ በሚገባበት ኮሌጅ የሚጠብቀው ትምህርት የሚመዝነው ያን ሰው ነውና።

መምህራን ደግሞ ይህ ምርጫ በልጆች ላይ ብቻ የሚጣል ሸክም አለመሆኑን እንዲያስቡ እናሳስባለን። ነጥቡ ይላክ ወይስ ይቅር የሚለው ጥያቄ ሒሳብ ከማወቅ ይልቅ ሥርዐትን ማወቅ ይጠይቃል፤ ሥርዐትን የሚያውቅ ደግሞ ላላወቀው ሊናገር ግዴታ አለበት። የሮድሱ ነጋዴ ነገር በእውነት የሚመለከተው ከተማሪው ይልቅ እኛን ነው። የሚመጡትን መርከቦች ያየን እኛ ነን፤ ያላየው ልጅ ነው። ደንቡን እያወቅን፤ አንድ ቃል ብንናገር የልጅ መንገድ እንደሚቃና እያወቅን፤ ስላልተጠየቅን ብቻ ዝም ብንል ሲሴሮ የፈረደበት ዝምታ ይህ ነው።

ደንብ የሚያወጡና ማመልከቻ የሚመረምሩ ሰዎችም፤ በአሜሪካ ይሁኑ በሌላ አገር፤ የሚፈልጉትን በግልጥ ይጠይቁ። ሁሉን ማወቅ የፈለገ «ሁሉን» ይበል፤ ከፊሉ የበቃው «ከፊሉ ይበቃኛል፤ የቀረውንም በክፉ አልተረጕመውም» ብሎ ይጻፍ፤ ከጻፈም በኋላ ቃሉን ይጠብቅ። ጥያቄው ግልጥ በሆነበት ስፍራ ዝምታና ሐሰት በቀላሉ ይለያሉ፤ ጥያቄው በደበዘዘበት ስፍራ ግን ደጉ ሰው ይጐዳል፤ ብልጡም ይጠቀማል። እውነትን ከአመልካች የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ጥያቄውን በእውነት መጠየቅ አለበት እንላለን።